መድፈርና መጠንቀቅ፦ አሰልጣኝ የጨዋታ ውስጥ ውሳኔን አስቀድሞ የሚያዘጋጅበት መንገድ

አንድ አሰልጣኝ በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ከሚወስናቸው ነገሮች አብዛኞቹ መወሰን የሚገባቸው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ነው። ደጋፊው እየጮኸ፣ ረዳቱ በአንድ ጆሮው፣ ወጌሻው በሌላው እየነገሩት፣ አራተኛው ዳኛም ወደ ቦታው እንዲመለስ እያስጠነቀቀው፣ በሜዳው ጠርዝ ቆሞ የሰከነ ስሌት መሥራት የሚችል ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ሰዓት ከአሰልጣኙ የሚፈለገው አዲስ ሐሳብ ማፍለቅ ሳይሆን፣ ሐሙስ ወይም ዓርብ ማታ ተቀምጦ ያሰበበት ሁኔታ መድረሱን መለየት ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው አባባል ለተጠባባቂ ወንበርም ይሠራል።

ከዚህ በታች የሚቀርበው መመሪያ ለክለብ፣ ለወጣት ቡድንና ለሠፈር ውድድር አሰልጣኞች የታሰበ ነው። ከመነሻው ሊያዝ የሚገባው ነጥብ መጠንቀቅም የራሱ አደጋ ያለው መሆኑ ነው። አጥቂ አስገብቶ የተሸነፈ አሰልጣኝ ይወቀሳል፤ ተከላካይ አስገብቶ በመጨረሻ ደቂቃ አቻ የወጣው ግን ብዙ ጊዜ «ዕድል ከዳው» ይባልለታል። ሁለቱም ግን በተመሳሳይ ሚዛን መመዘን ያለባቸው ውሳኔዎች ናቸው።

ውጤቱ ምን ይጠይቃል?

የመጀመሪያው ሥራ ሒሳብ ነው። በሊግ ውድድር ማሸነፍ ሦስት ነጥብ፣ አቻ መውጣት አንድ ነጥብ ያስገኛል። ጨዋታው 1 ለ 1 ሆኖ ሃያ ደቂቃ ሲቀር አሰልጣኙ ጨዋታውን ቢከፍት አንዱ ቡድን ማሸነፉ አይቀርም እንበል። እንዲህ ያለ ሁኔታ አሥር ጊዜ ቢያጋጥመውና አራቱን አሸንፎ ስድስቱን ቢሸነፍ 12 ነጥብ ይሰበስባል፤ አሥሩንም አቻ ቢወጣ የሚያገኘው 10 ነው። ከሚያሸንፈው የሚሸነፈው በልጦም እንኳ መድፈሩ አትርፎታል ማለት ነው። የማሸነፍ ዕድሉ ከሦስት አንድ በላይ እስከሆነ ድረስ ስሌቱ ወደ መድፈር ያጋድላል።

ይህ ስሌት የሚለወጠው ተጋጣሚው የቅርብ ተፎካካሪ ሲሆን ነው። ላለመውረድ ወይም ለዋንጫ ከሚፎካከሩት ቡድን ጋር ሲጫወቱ የእርሱ ነጥብም በእናንተ ላይ ይቆጠራል። በዚያው ምሳሌ እናንተ 12 ስትሰበስቡ እርሱ 18 ይወስዳል፤ አሥሩም አቻ ቢሆኑ ግን እኩል አሥር አሥር ትይዛላችሁ። ስለዚህ ከተፎካካሪ ጋር በሚደረግ ጨዋታ ለመድፈር የሚያስፈልገው ዕድል ከሦስት አንድ ሳይሆን ከግማሽ በላይ ነው። ብዙ አሰልጣኞች «ስድስት ነጥብ ያለው ጨዋታ» ሲሉ የሚያስቡት ስለ ተጫዋቾቹ ወኔ ነው፤ ቃሉ በእውነት የሚለውጠው ግን ይህን የመነሻ ቁጥር ነው።

በደርሶ መልስ ጨዋታ ሒሳቡ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የመሯቸው ዋልያዎቹ ለ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈው ተመለሱ፤ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የመልሱን ጨዋታ ሲጀምሩ፣ ከሜዳ ውጪ ያስቆጠሯቸው ሦስት ጎሎች ነበሯቸውና 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃቸው ነበር። ይህን በወረቀት ላይ ዘርዝሮ ማየት ጠቃሚ ነው። ውጤቱ 0 ለ 0 ወይም 1 ለ 0 እስከሆነ ድረስ ኢትዮጵያ ወድቃለች፤ ስለዚህ የምታስጠብቀው ነገር የላትም። ሱዳን ቀድማ አንድ ጎል ብታገባ እንኳ የሚያስፈልገው ከሁለት ወደ ሦስት ጎል ከፍ ይላል እንጂ በሩ አይዘጋም፤ 3 ለ 1 ሲሆን ድምሩ 6 ለ 6 ሆኖ ከሜዳ ውጪ በተቆጠሩት ጎሎች ኢትዮጵያ ታልፋለችና። ሁለተኛዋ ጎል ከገባች በኋላ ግን አንድ ጎል መቀበል ካለፉበት መውደቅ ይሆናል። የአቀራረብ ለውጥ የሚደረግበትን ሰዓት የሚወስነው ሁለተኛው ጎል እንጂ ሰባኛው ወይም ሰማንያኛው ደቂቃ አይደለም። በአዳነ ግርማና በሳላሃዲን ሰኢድ ጎሎች ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀና ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ካርቱም ላይ የተገኙት ሦስት ጎሎች ባይኖሩ ኖሮ 2 ለ 0 ብቻውን አይበቃም ነበር፤ በሽንፈት ውስጥ ሆኖ ጎል መፈለግ ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ባለ ደንብ ነው። የአውሮፓው ማኅበር ከሜዳ ውጪ የሚቆጠር ጎልን ብልጫ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሰርዟል፤ ስለዚህ የምትጫወቱበትን ውድድር ደንብ አንብቡ፣ ከጋዜጠኛ አትስሙ።

አንድ ገጽ ወረቀት

ሒሳቡ ከተሠራ በኋላ በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍራል። ወደ ታች አምስት ውጤቶች ይጻፋሉ፤ በሁለት መምራት፣ በአንድ መምራት፣ አቻ፣ በአንድ መመራት፣ በሁለት መመራት። ወደ ጎን ደግሞ ሦስት ሰዓቶች ይቀመጣሉ፤ 60ኛው፣ 75ኛውና 85ኛው ደቂቃ። በየሳጥኑ የሚገባው የሚወጣና የሚገባ ተጫዋች፣ የሚያዘው አሰላለፍና ለተጫዋቾች የሚተላለፈው አንድ ቃል ብቻ ነው። አንዳንዱ ሳጥን «ምንም አይነካ» ይላል፤ ይህም ታስቦበት የተጻፈ ውሳኔ ነው። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ከሆነ በዝናብ ውስጥ ማንም አያነበውም።

ከውጤትና ከሰዓት ሌላ ሦስት ወይም አራት ምልክቶች በወረቀቱ ግርጌ ይጨመራሉ። ቢጫ ካርድ ያለበት የመስመር ተከላካይ ፈጣን አጥቂ ፊት ለፊት ሲቆም፣ የመስመር ተጫዋቹ ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ወደ ኋላ ሳይመለስ ሲቀር፣ ተጋጣሚው ረጅም አጥቂ አስገብቶ ረጅም ኳስ መጣል ሲጀምር ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይወሰናል። ምልክቱን የሚከታተለው ረዳቱ ይሁን፤ ዋናው አሰልጣኝ ኳሱን እያየ የሚደክመውን እግር ሊያስተውል አይችልምና።

ለረዳቱ ሌላም ሥራ ይሰጠዋል፤ ከእያንዳንዱ ቅያሪ በፊት የመቃወም ሥራ። በእኛ አገር የቡድን ወንበር ላይ ለዋናው አሰልጣኝ «ልክ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ «ይህን ብናደርግና ጎል ቢገባብን ምን ይቀረናል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ካልተሾመ አይገኝም። ጥያቄውን ለመመለስ አሥር ሰከንድ ይበቃል። ካልተመለሰ ቅያሪው ገና አልበሰለም።

ቅያሪ፦ ተጫዋቹም መቋረጡም ይቆጠራል

በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በ2020 ለጊዜው የተፈቀደው የአምስት ተጫዋቾች ቅያሪ በ2022 ቋሚ ሕግ ሆኗል። አምስቱም የሚከናወኑት ጨዋታውን ሦስት ጊዜ ብቻ በማቋረጥ ነው፤ በእረፍት ሰዓት የሚደረገው ከሦስቱ አይቆጠርም። ብዙ አሰልጣኞች የቀራቸውን ተጫዋች ሲቆጥሩ የቀራቸውን መቋረጥ ይረሳሉ፤ ከዚያም ሁለት ቅያሪ በእጃቸው እያለ ተጫዋች ተጎድቶ በአሥር ሰው ይጨርሳሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ለውጥ በእረፍት ቢደረግ፣ በሁለተኛው አጋማሽ ደግሞ ሁለት ተጫዋች በአንድ ላይ ቢገባ፣ ሁለት ቅያሪና ሁለት መቋረጥ ሳይነኩ እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ይቆያሉ።

የመጨረሻውን ቅያሪ ማቆየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳየው በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ የሆላንዱ አሰልጣኝ የሉዊስ ቫን ኻል ውሳኔ ነው። ሆላንድ ከኮስታ ሪካ ጋር በሩብ ፍጻሜ 0 ለ 0 ሆና ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ግብ ጠባቂውን ያስፐር ሲለሰንን አውጥቶ ቲም ክሩልን ለፍጹም ቅጣት ምት ብቻ አስገባ፤ ክሩልም ሁለት ምት አድኖ ቡድኑ 4 ለ 3 አለፈ። ሰው የሚያስታውሰው ድፍረቱን ነው። ይህ ድፍረት ግን የተቻለው ቫን ኻል በ120 ደቂቃ ውስጥ በጊዜው ከተፈቀዱት ሦስት ቅያሪዎች ሁለቱን ብቻ ተጠቅሞ ሦስተኛውን ስላስቀረ ነው። ከአራት ቀን በኋላ በግማሽ ፍጻሜው ከአርጀንቲና ጋር ሦስቱንም አስቀድሞ ጨርሶ ስለነበር ሲለሰን በግቡ ውስጥ ቀረ፤ ሆላንድም በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 2 ተሸነፈች። ክሩል ቢገባ ያድን ነበር ብሎ የሚምል ሰው አይኖርም፤ ምርጫው ግን በእጅ አልነበረም።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ከዚህ የከበደ ነው። ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ ጋር በተገናኘችበት የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ ቪክቶር ሞሰስ በ80ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት ካስቆጠረ በኋላ፣ ሊያበቃ ሲል ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠና ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በሁለተኛ ቢጫ ወጣ። በጊዜው የተፈቀዱት ሦስቱ ቅያሪዎች አልቀው ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ ግብ ውስጥ ቆመ። ጎል የሚያስፈልገው ቡድን ቅያሪዎቹን መጨረሱ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ከዚህ የሚወሰደው ሥራ ግን ቀላል ነው፤ የመጨረሻው ቅያሪ ከመደረጉ በፊት «ግብ ጠባቂው ቢወጣ ማን ይገባል?» ተብሎ ይጠየቃል፣ መልሱም በልምምድ ላይ ጓንት አጥልቆ የተሞከረ የሜዳ ተጫዋች ይሆናል።

ቅያሪው በጠርዙ ላይ የሚፈጸምበት አንድ ደቂቃ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ተቀያሪው የመጋጫ መከላከያውን እያጠበቀ፣ አራተኛው ዳኛ ጫማውን እየፈተሸ፣ ጆሮው ከግማሽ በላይ አይሰማም። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ ይነገረው፤ ኳስ እኛ ጋር ሲሆን የት እንደሚቆም፣ ኳስ እነርሱ ጋር ሲሆን ማንን እንደሚጫን፣ በማዕዘን ምት ጊዜ ማንን እንደሚይዝ። ሦስተኛው ከሁሉ በላይ ይረሳል። የሚወጣው ተጫዋች በማዕዘን ምት ይይዘው የነበረ ሰው አለ፤ ተቀያሪው ገና ሜዳውን እያየ ሳለ ያ ሰው ነጻ ሆኖ በግንባሩ ያስቆጥራል። ረዳቱ የቆሙ ኳሶችን አያያዝ በሰሌዳ ላይ በጣቱ ያሳየው፤ የማዕዘን ምት ሊመታባችሁ ሲልም ጉዳት ካላስገደደ በስተቀር ምንም ዓይነት ቅያሪ አታድርጉ።

ሲመሩ

በአንድ ጎል መምራት ለአሰልጣኝ ከሁሉ የሚከብደው ሁኔታ ይመስለኛል፤ የሚያጡት ነገር በእጅ ስላለ ቡድኑ ማንም ሳያዘው ወደ ኋላ ይሸሻልና። የባየርን ሙኒክ የ2012 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቶማስ ሙለር በ83ኛው ደቂቃ አስቆጠረ፤ አሰልጣኙ ዩፕ ሃይንከስ በ87ኛው እርሱኑ አውጥቶ ተከላካዩን ዳንኤል ቫን ቡይተንን አስገባ፤ በ88ኛው ዲዲየር ድሮግባ ከማዕዘን ምት በግንባሩ ለቼልሲ አቻ አደረገ። ተከላካይ ማስገባቱ በራሱ ጥፋት አልነበረም፤ የማዕዘን ምትን ለመከላከል ረጅም ሰው መጨመር የተለመደ ነው። ክፍያው የመጣው በኋላ ነው፤ ባየርን ጎል ያስቆጠረለት ሰው ሳይኖረው ሠላሳ ደቂቃ ጭማሪ ሰዓት ተጫወተና በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። በመሪነት ላይ ቅያሪ ሲደረግ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው። ይህ ሰው ጎል የመቀበልን ዕድል ምን ያህል ይቀንሳል? ጎል ቢገባስ በሜዳ ላይ የቀረው ቡድን መልሶ የማሸነፍ አቅም አለው? የመጀመሪያውን ሁሉም ይጠይቃል፣ ሁለተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል።

ስለዚህ ከወደፊቱ መስመር ቢያንስ አንድ ፈጣን ተጫዋች ይቆይ። እርሱ ፊት ላይ እስካለ ድረስ ተጋጣሚው ሁለት ተከላካዮችን ከኋላ ለማስቀረት ይገደዳል፤ እርሱን ማውጣት እነዚያን ሁለት ሰዎች ለማጥቃት ነጻ ማድረግ ነው። የተከላካይ መስመሩ ወደ ራሱ ክልል ሲገባ ወደ ፊት እንዲወጣ የሚጠራው ግብ ጠባቂው ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ዕይታ የእርሱ ነውና ይህ ሥራ በይፋ ይሰጠው።

ጊዜን በተመለከተ ሕጉ እየጠበቀ መጥቷል። በኳታሩ የ2022 ዓለም ዋንጫ አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ የባከነ ሰዓት ሲጨመር ታይቷል። የሚቀየር ተጫዋች በአቅራቢያው ባለው መስመር መውጣት አለበት። ከ2025/26 የውድድር ዘመን ጀምሮ ደግሞ ግብ ጠባቂ ኳስን በእጁ ከስምንት ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚ የማዕዘን ምት ይሰጣል፤ ዳኛውም የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች እጁን አንስቶ ይቆጥራል። መውደቅና መንከባለል ድሮም አያስከብርም፤ አሁን ደግሞ አያዋጣም። ጊዜ የሚገኘው ኳሱን በተጋጣሚው ሜዳ ጥግ በመያዝ፣ የእጅ ውርወራን በእርጋታ በመወርወርና ከሁሉም በላይ ኳስን ባለመጣል ነው። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ከቆላ የመጣን ቡድን ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ኳስ እያስከተሉ ማስሮጥ ከማንኛውም መንከባለል ይበልጣል።

በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ጃፓን ቤልጂየምን 2 ለ 0 እየመራች የደረሰባት ሌላ ነጥብ ያሳያል። ቤልጂየም በ65ኛው ደቂቃ ማሩዋን ፌላይኒንና ናሰር ሻድሊን አስገባች፤ ያን ፈርቶንገን በ69ኛው፣ ፌላይኒ በ74ኛው አስቆጠሩ። የጃፓኑ አሰልጣኝ አኪራ ኒሺኖ የመጀመሪያ ቅያሪውን ያደረገው 81ኛው ደቂቃ ላይ፣ ጨዋታው 2 ለ 2 ከሆነ በኋላ ነበር። ተጋጣሚ ቁመት ሲጨምር መልሱ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ መገኘት ያለበት ለዚህ ነው፤ ያ መልስ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካልተሰጠ ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል። ከዚያም በባከነው ሰዓት ጃፓን የማዕዘን ምት አግኝታ ብዙ ሰው ወደ ፊት ላከች፤ ግብ ጠባቂው ቲቦ ኩርቱዋ ኳሱን ይዞ ለኬቨን ዴ ብራይነ አስጀመረ፣ ሻድሊም በመልሶ ማጥቃቱ የማሸነፊያዋን ጎል አገባ። በአቻ ውጤት፣ በመጨረሻ ደቂቃ፣ የራስን የማዕዘን ምት ማን ከኋላ እንደሚጠብቀውና የተጋጣሚን ግብ ጠባቂ ማን ቆሞ እንደሚያዘገየው መወሰን ከማዕዘን ምቱ አመታት በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ሲመሩን

እየተመራ ያለ ቡድን አሰልጣኝ ለመጀመሪያ የሚያስበው አጥቂ መጨመርን ነው። ሌላው ቢቀር ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ በመጀመሪያ በሜዳ ላይ ባሉት ተጫዋቾች ቦታ መለወጥ፣ ቀጥሎ የተጫዋቾችን ኃላፊነት መቀየር፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አጥቂ መጨመር፣ በመጨረሻም ረጅሙን የመሐል ተከላካይ ወደ ፊት መላክ። አራተኛው አጥቂ ከገባ በኋላ ኳስ የሚያደርስለት ሰው ካልኖረ የተጨመረው አንድ ተመልካች ነው።

ኢስታንቡል ላይ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሊቨርፑል ከኤሲ ሚላን ጋር በእረፍት ሰዓት 3 ለ 0 እየተመራ ሳለ አሰልጣኙ ራፋኤል ቤኒቴዝ የቀኝ ተከላካዩን ስቲቭ ፊናንን አውጥቶ ያስገባው አጥቂ ሳይሆን የተከላካይ አማካዩን ዲትማር ሃማንን ነበር። ከኋላ ሦስት ተከላካይ ሆኑ፣ ሃማን መሐሉን ዘጋ፣ ስቲቨን ጄራርድ ወደ ፊት ለመሄድ ነጻ ሆነ። በ54ኛው ጄራርድ፣ በ56ኛው ቭላዲሚር ስሚሰር፣ በ60ኛው ሻቢ አሎንሶ አስቆጠሩ፤ ዋንጫውም በፍጹም ቅጣት ምት ተወሰደ። በሦስት ጎል እየተመሩ የመከላከል ባሕርይ ያለው ሰው ማስገባት ለተመልካች ግራ ነው፤ ቤኒቴዝ ግን የጎደለው ወደ ፊት የሚሮጥ ሰው ሳይሆን የጄራርድን ጀርባ የሚጠብቅ ሰው መሆኑን አይቷል።

አደጋን ከውጤቱ ጋር መልሶ መለካት የሚያስፈልገው ሲሳካም ነው። በ1999ኙ የባርሴሎና ፍጻሜ ማንቸስተር ዩናይትድ በባየርን 1 ለ 0 እየተመራ በባከነው ሰዓት የማዕዘን ምት ሲያገኝ ግብ ጠባቂው ፒተር ሽማይክል ወደ ባየርን የግብ ክልል ሮጠ፤ ቴዲ ሼሪንግሃምም አቻ አደረገ። ደቂቃ ሳይቆይ ሌላ የማዕዘን ምት ሲገኝ ሽማይክል በራሱ ግብ ቀረ፣ ኦሌ ጉናር ሶልሻየርም አሸናፊውን አገባ። ያው ሜዳ፣ ያው የማዕዘን ምት ነው፤ የተለወጠው ውጤቱ ብቻ ነው። 1 ለ 0 እየተመሩ ሁለተኛ ጎል መቀበል ምንም አይጨምርም፤ 1 ለ 1 ከሆነ በኋላ ግን ባዶ ግብ ትቶ መሄድ ዋንጫን መስጠት ነው።

ቀይ ካርድ ሲወጣ

በዚያው በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ዋልያዎቹ በኔልስፕሩት ከተማ በአራት ቀን ልዩነት የቀይ ካርድን ሁለት ገጽታ አይተዋል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ፤ ዛምቢያም ከእረፍት በፊት አስቆጠረች። በአሥር ሰው ሆነው በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጡ። ጥር 17 ቀን ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 0 እየተመሩ በሁለተኛው አጋማሽ የቡርኪናው ግብ ጠባቂ አብዱላዬ ሱላማ ከክልሉ ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ጎል ያገባው ግን ባለ አሥር ሰዉ ቡድን ነው። ጨዋታው 4 ለ 0 አለቀ።

የሰው ብልጫ ያገኘ ቡድን የሚሳሳተው በመቸኮሉ ነው። ሁሉም ተጫዋች ወደ ፊት ይጠጋል፣ ከተከላካዩ ጀርባ ሰፊ ሜዳ ይከፈታል፣ ተጋጣሚውም ጥቂት ፈጣን ሰዎቹን ለመልሶ ማጥቃት ብቻ ያቆያል። ስለዚህ ቀይ ካርድ እንደወጣ ለተጫዋቾች የሚተላለፈው ቃል «አስፉ» እንጂ «ውጡ» መሆን የለበትም። ኳሱ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በፍጥነት ይዘዋወር፤ ሁለት የመሐል ተከላካዮችና አንድ የተከላካይ አማካይ ከኋላ ይቆዩ፤ ቢጫ ያለበት ተጫዋችም ዳኛው ካርዱን ለማስተካከል ሳይፈተን ቶሎ ይውጣ። በአሥር ሰው የቀረ ቡድን ደግሞ አጥቂውን በደመ ነፍስ አያውጣ። አራት ተከላካይ፣ አራት አማካይና አንድ ፈጣን ሰው ለአብዛኛው ቡድን የሚመች አሰላለፍ ነው፤ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ኳስ ሲነጠቅ የማይሮጠው ተጫዋች ይሁን፣ ስሙ ምንም ያህል ቢተልቅ።

ከሜዳው ውጪ ያለ ሒሳብ

ካርድ በጨዋታውም በውድድሩም ውስጥ ይቆጠራል። ኢትዮጵያ ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በሰኔ 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፋ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች በማሰለፏ ውጤቱ ተሰርዞ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ተሰጠ። ሦስት ነጥብ ማንም ተጫዋች ሳይሳሳት ጠፋ። የካርድ መዝገብ «የቡድኑ ኃላፊነት» ሲባል የማንም ኃላፊነት አይሆንም፤ ስሙ በግልጽ የተጻፈ አንድ ሰው ይያዘው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት ከውድድሩ አዘጋጅ መዝገብ ጋር ያመሳክረው።

ኒሺኖ ቤልጂየምን ከመግጠሙ ከአራት ቀን በፊት ያደረገውም የዚሁ ዓይነት ሒሳብ ነው። ጃፓን በፖላንድ 1 ለ 0 እየተመራች፣ በሌላው ሜዳ ሴኔጋል በኮሎምቢያ 1 ለ 0 እየተመራች ስትሄድ ሁለቱ በነጥብም በጎልም እኩል ሆኑ፤ ጃፓን አራት፣ ሴኔጋል ስድስት ቢጫ ካርድ ነበራቸው። ኒሺኖ በ82ኛው ደቂቃ አምበሉን ማኮቶ ሃሰቤን አስገባና ቡድኑ ኳሱን ከኋላ እያንሸራሸረ ጨዋታውን ጨረሰ። ተመልካቹ በፉጨት አወገዘ። በእኔ ግምት ውሳኔው የሚያስከብር ባይሆንም የሚያስኬድ ነበር፤ ግን ሴኔጋል አንድ ጎል ብታገባ ጃፓን ትወድቅ ነበርና፣ ያለ አስተማማኝ የመረጃ መስመር እንዲህ ያለ ነገር መሞከር የለበትም። በሌላ ሜዳ ውጤት ላይ የሚንጠለጠል ቡድን ስልክ የያዘ፣ ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ሰው ይኑረው፤ ያ ጎል ቢገባም ቡድኑ በስንት ደቂቃ ውስጥ ወደ ማጥቃት እንደሚመለስ አስቀድሞ ይታወቅ።

ከጨዋታው በኋላ

በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የጀርመኑ አሰልጣኝ ዮአኪም ሎቭ በ88ኛው ደቂቃ ሚሮስላቭ ክሎዘን አውጥቶ ማሪዮ ጎትዘን አስገባ፤ ጎትዘም በ113ኛው አስቆጠረ። በዩሮ 2020 ፍጻሜ የእንግሊዙ አሰልጣኝ ጋሬዝ ሳውዝጌት ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ማርከስ ራሽፎርድንና ጄደን ሳንቾን ለፍጹም ቅጣት ምት አስገባ፤ ሁለቱም ሳቱ። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው አንዱን ብልህ፣ ሌላውን ሞኝ ይላል። ከውሳኔዎቹ ልዩነት የሚማረው ነገር ሌላ ነው፤ ጎትዘ ከጨዋታው ጋር ለመላመድ ከሃያ አምስት ደቂቃ በላይ አግኝቷል፣ ራሽፎርድና ሳንቾ ግን ኳስ በቅጡ ሳይነኩ ወደ ምቱ ሄዱ። ለፍጹም ቅጣት ምት የሚገባ የሜዳ ተጫዋች ቢያንስ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ቢገባ ይመረጣል።

አሰልጣኝ የራሱን ውሳኔ በዚህ መንገድ ለመመርመር በጨዋታው ሰዓት የተጻፈ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ከጨዋታ በኋላ ማንም ሰው ያሰበውን ሳይሆን የሆነውን ነው የሚያስታውሰው። ረዳቱ በእያንዳንዱ ቅያሪ ጊዜ ሰዓቱን፣ ውጤቱንና «ለምን» የሚለውን በአንድ መስመር ይጻፍ። ቪዲዮው ከታየ በኋላ የሆነው ነገር በጎኑ ይጨመራል። ማስታወሻው ከተጠራቀመ በኋላ የሚነበበው በጨዋታ ቅደም ተከተል ሳይሆን በሁኔታ ነው፤ በአንድ ጎል ስንመራ የተደረጉት ቅያሪዎች በአንድ ላይ፣ በአንድ ስንመራ ተጋጣሚው ረጅም አጥቂ ያስገባባቸው በሌላ፣ በአቻ የተደፈረባቸውም ለብቻ። በ75ኛው ደቂቃ የመስመር ተጫዋቹን በተከላካይ መለወጥ ልማድ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ቡድኑ ከራሱ ሜዳ መውጣት ማቃቱ በተደጋጋሚ ከታየ፣ በአንዱ ገጽ ወረቀት ላይ ያ ሳጥን ተሰርዞ ለሚቀጥለው ጨዋታ እንደገና ይጻፋል።